ሸምሻድና እንባ የማይቸግረው ሙሽራ

በሲንድ አገር፣ በሃይደራባድ ከተማ፣ የብርጭቆ አምባር ከሚሠራበት ሰፈር፣ ሸምሻድ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ከጋዝ ነበልባል ፊት ተቀምጣ የአምባርን ክፍት አፍ በእሳት እያቀለጠች ስታገጣጥም ኖራለች። ነበልባሉ እንዳይጠፋ በዚያ ሙቀት መስኮት አይከፈትም። እጅ ቢታሰር ጆሮ ነፃ ነውና፣ ሴቶቹ ሲያሻቸው ያንጎራጉራሉ፦

«እሳት ፊት ተቀምጠሽ አምባር የምትዘጊ፣
የራስሽን ክፍት ማን ይዝጋልሽ ፈልጊ።»

መጽሔት የወጣ ዕለት ግን ዘፈን የለም። የሸምሻድ ልጅ መህጀቢን ተከታታዩን ታሪክ ጮክ ብላ ታነባለች። እናቲቱ ፊደል አልቆጠረችም።

ያን ዓመት ታሪኩ ጀምሼድ ስለሚባል ሰው ነበር። ድምፁ ማር፣ እንባው ቅርብ። ሴቶቹ ሁሉ ወደዱት። ሸምሻድማ «ይሄን ምስኪን ከሚያፈቅራት ልጅ ጋር አጋቢልን» ብላ ለደራሲዋ ደብዳቤ አስጻፈች። በአራተኛው ወር የሰውዬው ሆድ ተገለጠ። ለማንም አዝኖ አያውቅም፤ ሰው ጉዳት ሲደርስበት መጀመሪያ የሌሎችን ፊት ያያል፣ ከዚያ እነሱን የሚመስል ፊት ይለብሳል። የሸምሻድ አምባር እሳቱ ላይ ቀለጠ።

«ውይ! እኔንም አታለለኝ እኮ!»

«እትዬ ሸምሻድ፣ በወረቀት ሰው ተከዳሽ!» ብለው ሳቁባት።

በዚያው ሰሞን ወንድሟ ኢሽቲያቅ ለመህጀቢን ሙሽራ ይዞ መጣ። ተንቪር ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ የጨዋ ልጅ። ሻይ እየጠጣ ስለ ሟቿ ሲያወራ «የመጨረሻ ቃሏ የእኔ ስም ነበር» ብሎ አለቀሰ፤ ቤቱም አብሮት አለቀሰ። መህጀቢን ልቧ ሄደ።

በሳምንቱ ለመህጀቢን አክስቶች ሲደግመው፣ እዚያው ቃል ላይ ቆመ፤ እንባው እዚያው ቃል ላይ ዱብ አለ። ወዲያው የፈላ ሻይ በአንዷ አሮጊት እግር ላይ ተደፋ። ሁሉም ብድግ ሲል ተንቪር ግን ዞር ዞር ብሎ የሰዉን ፊት ቃኘ። ከዚያ ነው «ወይኔ እናቴን!» ያለው።

ሸምሻድ የመጽሔቱ ጀምሼድ ትዝ አላት። ታሪክ ሰምቶ ሰው መኮነን ግን አልሆነላትም፤ በማግስቱ ከቦዩ ማዶ የሟቿን እናት ፈልጋ ጠየቀች።

«ስሙን ጠራች?» አሉ ሴትዮዋ። «መቼ አጠገቧ ነበረና ሰማ? እኔ ቤት ዘጠኝ ቀን ስትማቅቅ ደጄን አልረገጠም። ለቀብር ሲመጣ የጠየቀኝ የስፌት መኪናዋን ነው።»

«ታዲያ ምነው ለሰው አልተናገሩ?»

«ማን ያምነኛል ልጄ? ሁሉም ሲያለቅስ አይተውታል።»

ሸምሻድ እንደ ነበልባሏ እየነደደች ተመለሰች። የተንቪር ቤተሰብ የላከውን ጣፋጭ፣ ክሩን እንኳ ሳትፈታ፣ ከመጽሔቱም ከእናቲቱም የሰማችውን ነግራ፣ «መልስላቸው» ብላ ለወንድሟ አስታቀፈችው።

«አብደሻል? በሴቶች ተረት ሙሽራ ይመለሳል?»

«ተረት ነው ያልከው? ስለ ሌባ ነገራችሁን፣ ስለ ሰካራም ነገራችሁን። አልቅሶ ስለሚገድል ሰው ግን ማናችሁ ትንፍሽ አላችሁ? ‹የጨዋ ልጅ ነው› ብቻ! የነገረችኝ መልኳን የማላውቃት ደራሲ ናት። መጀመሪያ አስወደደችኝ፣ ከዚያ ገልጣ አሳየችኝ። ባልወደው ኖሮ እንዴት እንደምታለል በምን አውቅ ነበር? እናንተ ያልጠየቃችኋትን እናት እንድጠይቅ ያስነሳኝ ያ ተረት ነው!»

ኢሽቲያቅ ጣፋጩን እንደታቀፈ ወጣ።

መህጀቢን ሁለት ቀን እናቷን አኩርፋ ቆየች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ወረቀት አቀረበችላት።

«ለደራሲዋ ጻፊ። የፊተኛውን ደብዳቤዬን ትቅደደው። እንዳታጋባቸው በይልኝ።»

ልጅቱ ጻፈች። ከታች፣ ለእናቷ ሳታነብላት፣ አንድ መስመር ከራሷ ጨመረች፦ «እኔም ወድጄው ነበር።»