ቡሩል የሽቦ አውቶቡሷን የተወች ሰሞን

ቡሩል ሥራዋን የለቀቀችው ባሏ አስገድዷት ነው የሚል ወሬ አውቶቡሶቻችን በሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ሲናፈስ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ታላይ ማንንም የሚያስገድድ ሰው አይደለም፤ እቤቱ ያለችው ድመት እንኳን አትፈራውም። ሌሎቹ ደግሞ አለቃው ገፍቷት ነው ይላሉ። እሱም ውሸት ነው። እኔ ሳቢራ እባላለሁ፤ እዚሁ ቢሽኬክ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትሮሊባስ ነድቻለሁ። ያ ነገር የሆነ ዕለት ከቡሩል ኋላ ቆሜ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የማያውቅ ሰው አፉን ይሰብስብ።

ከኋላዋ መቆሜም ወድጄ አልነበረም። የእኛ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ባሉት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ከላይ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዞ ነው የሚሄደው። የፊተኛው ከቆመ የኋለኛው የት አባቱ ይሄዳል? ሽቦው አንድ ነው፤ ዘሎ ማለፍ የለም። ተሳፋሪ ይሰድብሃል፣ አንተ ትቆማለህ።

ቡሩል ዴፖው ስትመጣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ያለማመድኳት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ከቤቷ ባመጣችው ጨርቅ ስትወለውል ወንዶቹ "ልታገቢው ነው እንዴ?" እያሉ ያበሽቋት ነበር። እሷ መቼ ትሰማቸዋለች! ሥራውን ትወደው ነበር፤ በረዶም ሆነ ዝናብ፣ መሪ ስትጨብጥ ፊቷ ይፈካል። ታላይን ስታገባም የመጀመሪያ ጥያቄዋ "መንዳቴን ታስቆመኛለህ?" የሚል ነበር አሉ። እሱም "እኔ? አንቺን?" ብሎ ሳቀ።

ታላይ ለሳኝ ነው፤ ወላጆቹ ከተራራው ማዶ ናሪን ውስጥ ነው የሚኖሩት። የመጀመሪያ ልጃቸው ኤሚል ሲወለድ እንደ ልማዳችን ለታላይ ወላጆች ተሰጠ። በኩር የአያቶቹ ነው። ማንም ነጥቆ አይወስደውም፣ ይሰጣል፤ የሰጠም አያማርርም። ልጁ አያቱን እማዬ ብሎ ያድጋል። ወላጅ እናቱን ደግሞ ጄኔ ይላታል፣ የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው፤ የገዛ አባቱ ለእሱ ታላቅ ወንድሙ ነውና። እኔም የአያት ልጅ ነኝ፤ ተሞላቅቄ አድጌያለሁ፤ ልማዱን ልሰድብ አልተነሳሁም።

ቡሩል ኤሚልን የሰጠችው በሰባት ወሩ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ብዙም አላዘነችም። ልጁ ጥሩ እጅ ላይ ነው፣ ሥራዋም እየጠበቃት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መሪዋ ላይ ቁጭ ብላ አየኋት። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ፣ አሻንጉሊት ተሸክማ ትሄዳለች፤ ሦስት ቀን አድራ ትመለሳለች።

ስድስት ዓመት አልፎ አይዳይ ተወለደች። ቡሩል አንድ ዓመት ታቅፋት ቤት ዋለች። ከዚያ ዴፖው ሹፌር አጠረውና አለቃው ተመለሺ አላት፤ ተመለሰች። ለጊዜው አንዲት ጎረቤት ሕፃኗን ያዘችላት። በዚህ መሀል አማቷ ኡምሱናይ ስልክ ደወሉ። ቡሩል ልጅ የሚይዝ ሰው እንዳጣች ብታማርርላቸው "እኔ አለሁ አይደል? ከኑሩዝ በዓል በኋላ መጥቼ እወስዳታለሁ" አሏት። እሷም "እሺ እማማ" አለች። በቃ፣ አለቀ።

አለቀ አልኩ እንጂ ቡሩል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አልሆነችም። መስመሩ መጨረሻ ላይ በደረስን ቁጥር ስልኳን አውጥታ ጎረቤቷ ጋ ትደውላለች። "በላች? ተኛች? አለቀሰች?" ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው ይዛው ትመለሳለች።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ምንም።"

"ምንም የሚባል በሽታ አላውቅም። ተናገሪ።"

"ሊወስዷት ነው፣ እትዬ ሳቢራ።"

"እሺ ብለሻል አይደል እንዴ?"

"ብያለሁ። እሳቸው ደግሞ ጓጉተዋል። አሁን እምቢ ብላቸው ልባቸው ይሰበራል። መንደሩስ ምን ይላል? 'ከተሜዋ ምራት አማቷን ናቀች' ነው የሚባለው።"

"እንግዲያው ስጫትና ተገላገይ!" ብዬ ጮህኩባት። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ራሷን እየበላች ሳያት ተናድጄ ነው። ቆቧን አጥልቃ ወደ አውቶቡሷ ሄደች።

የፀደዩ አዲስ ዓመታችን ኑሩዝ አለፈ። አማትየው እሑድ ይመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ሐሙስ ዕለት ከተፍ አሉ። በበረዶ ተዘግቶ የነበረው የተራራው መንገድ ተከፍቶ፣ መኪና ቀንቷቸው ኤሚልንም ይዘው መጡ። እኚህ ሴትዮ ደግሞ ጨዋታ ይወዳሉ። መናኸሪያ እንደወረዱ ወደ ቤት መደወሉን ትተው የቡሩልን አውቶቡስ ጠብቀው በኋላ በር ተሳፈሩ። መጨረሻው ማቆሚያ ላይ ብቅ ብለው ሊያስደነግጧት ነው።

ቡሩል ይህን አታውቅም። እኔም አላውቅም፤ ከኋላዋ እየነዳሁ ነው። ገበያው ጋ ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ስንደርስ የእሷ ዘንጎች ከሽቦው ሾልከው ወጡና ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ብርቱካናማ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ ወረደች፤ ከኋላ ያሉትን ገመዶች ይዛ ዘንጎቹን ወደ ቦታቸው ልትመልስ። የሁልጊዜ ሥራችን ነው።

ወደ ኋላ ስትዞር አንድ የተላጨ ጎረምሳ፣ ጎረምሳ ልበለው እንጂ እዚህ ግባ የማይባል ፍጥረት፣ የአውቶቡሱ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ አንደኛውን ገመድ እየጎተተ ይጫወታል። ከላይ እኮ ኤሌክትሪክ ነው! እኔ መስኮቴን ከፍቼ "ያዢው!" አልኩ። ቡሩል ከኋላው ጆሮውን ይዛ ጎትታ አወረደችው።

"አንተ አሳዳጊ የበደለህ! መሞት አማረህ? የማን ልጅ ነህ? ማነች እናትህ?"

ልጁ ጆሮው በእጇ እንዳለ ቀና ብሎ አያት። የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል።

"የኡምሱናይ ልጅ ነኝ! ልቀቂኝ! ለእማዬ ነው የምነግርብሽ!" አላት።

እሱም አላወቃትም። በሰደርያና በቆብ ሆና አይቷት አያውቅማ። እሷም ካየችው ስምንት ወሯ ነው፤ ያኔ ጸጉሩ ጎፍሮ ነበር፣ ጥርሱም ሙሉ ነበር። ልጁ በኋላ በር ሾልኮ የወረደባቸው ኡምሱናይ ራሳቸው ላይ ያሰሩት መሐረብ እየተንሸራተተ ከአውቶቡሱ ዱብ ዱብ እያሉ ወረዱ።

"ቡሩል! ልጁን ልቀቂው እንጂ! ኤሚል እኮ ነው!"

ቡሩል ክው አለች። እጇ ከልጁ ጆሮ ላይ እንዴት እንደወረደ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። ልጁ "እንዴ፣ ጄኔ ነሽ?" አለና ሳቀ። ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት አንገቱን አስግጓል፤ ከኋላዬ መኪናዎቹ ይጮኻሉ። ወርጄ ዘንጎቹን የመለስኩላት እኔ ነኝ። እንባዋ አልወረደም፤ ግን ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር።

ማታ እራት ጠሩኝ። እኔ ደግሞ እራት ከተጠራሁ አልቀርም። ሥጋው በሊጥ ተሠርቶ በትልቅ ሳህን ቀርቦ ነበር፤ ኡምሱናይ ከናሪን ያመጡት የደረቀ እርጎም አለ። አማትየው የቀኑን ነገር ሦስት ጊዜ አወሩት፤ ባወሩት ቁጥር ይጨምሩበታል።

"አሳዳጊ የበደለህ ብላ ሰደበችው! አሳዳጊው ማነው? እኔ! ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳሳድግ፣ ምስጋናዬ ይኸው!" እያሉ ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ። ታላይም ይስቃል። ቡሩል አይዳይን አቅፋ ሻይ ትቀዳለች፤ ፈገግ ለማለት ትሞክርና ያቅታታል።

ምግቡ ሲነሳ ኡምሱናይ "በሉ እንግዲህ፣ የሕፃኗን ልብስ ሰብስቡልኝ። ቅዳሜ እንሄዳለን" አሉ።

ቡሩል የሻዩን ጀበና አስቀመጠች።

"እማማ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ ልለምንዎት። አይዳይ አትሄድም።"

ታላይ ሲኒውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ።

"አትሄድም? ማን ሊይዛት ነው?" አሉ አማትየው።

"እኔ።"

"ሥራሽስ?"

"ነገ እለቃለሁ። አንዱን ልጄን መንገድ ላይ ባገኘው የማላውቀው ሆኛለሁ። እርስዎን አልወቅስም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እኔ ነኝ በዓመት ሦስት ቀን እየመጣሁ የምሄደው። ይቺን ግን አልችልም፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ፣ አልችልም።"

ኡምሱናይ መሐረባቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቡሩል ልጅቷን ለእኔ ወርውራ፣ ወረወረች ነው የምላችሁ፣ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"እማማ! በሞቴ አያልቅሱ! ምን ላድርግልዎት?"

መሐረቡ ሲወርድ ሴትዮዋ እያለቀሱም እየሳቁም ነበሩ።

"ተመስገን! አላህ ይስጥሽ ልጄ! ተገላገልኩ!"

"ምን አሉ?"

"ይኸው ስንት ሳምንቴ እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ! ጉልበቴን አታዪውም? ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሁለቴ ቁጭ ብዬ ነው ቤት የምደርሰው። ሕፃን አዝዬ በረዶ ላይ ብወድቅስ? ብትታመምብኝስ? ኤሚልን ስወስድ እኮ ሌላ ሰው ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን እወስዳታለሁ አሉ?"

"ምን ልበል? አያት ሆኜ የልጅ ልጄን አልፈልግም ልበል? መንደሩ በቁሜ ይበላኛል! ደግሞ አንቺ ሥራሽን እንደ ነፍስሽ ትወጃለሽ፤ ከሥራዋ ላስቀራት ነው ወይ ብዬ ፈራሁ።"

"እኔ ደግሞ እርስዎ ጓጉተዋል ብዬ! እምቢ ብላቸው ይሞቱብኛል ብዬ!"

"ኧረ ሁለታችሁንም ጅብ አይብላችሁ! ስልክ ለምንድን ነው የተሠራው?" አልኩ እኔ። ከዚያ ሁላችንም እንደ እብድ ሳቅን። ታላይ ሲኒውን አስቀምጦ "በእኔ ገቢ ብቻ ሥጋ በሳምንት አንዴ ብንበላ ምን እንሆናለን?" አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ ግን ጥሩ አለ።

ኡምሱናይ ፊታቸውን ጠርገው ድንገት ኮስተር አሉ። "ኤሚል ግን የእኔ ነው። እሱን እንዳታስቢው።"

ቡሩል ልጁን አየችው። ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ለአይዳይ ፊቱን እያጣመመ ያስቃታል፤ አጎቷ ነኝ እያለ ሲኮራባት ነበር ያመሸው። "አውቃለሁ፣ እማማ። የእርስዎ ነው" አለች። እዚህ ላይ ድምጿ ተሰብሯል፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

በማግስቱ ማመልከቻዋን ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። አለቃው "አብደሻል? አሥር ዓመት ሙሉ የነዳሽውን መስመር ትተሽ ልትቀመጪ?" አላት። "አልቀመጥም፤ የአንድ ዓመት ልጅ ያለችው ሰው የሚቀመጥ ይመስልዎታል?" አለችው። ፈረመ። ውጭ ስንወጣ የዴፖው ግንብ ላይ ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

"አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፣ እትዬ ሳቢራ። አሁንም እወደዋለሁ፤ ይናፍቀኝ ይሆናል። ግን ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር የት እንደሄደ እንጃ። ርቦኛል።"

ቆሎዬን ሰጠኋት። አንዲት ፍሬ ሳታስቀርልኝ ጨረሰችው።

ቅዳሜ ሁላችንም መናኸሪያ ሄደን ሸኘናቸው። ኡምሱናይ መስኮቱ አጠገብ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ከመጡበት ቀን ይልቅ ሸክም የቀለለላቸው ይመስሉ ነበር። ኤሚል ግን በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ቡሩልን ያያታል፣ ጫማውን ያያል፣ ደግሞ ያያታል።

"ጄኔ" አላት በመጨረሻ።

"ወዬ።"

"ከእንግዲህ ሥራ የለሽም?"

"የለኝም።"

"እኛ ቤት ስትመጪ በሦስተኛው ቀን አትሄጂማ?"

ቡሩል አይዳይን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና ጎንበስ አለች። ቀኑን ይቆጥርላት እንደነበር ማን አወቀ? እኛ አሻንጉሊቱን እንጂ እሷን የሚጠብቅ አልመሰለንም።

"አልሄድም። በጋውን በሙሉ እቆያለሁ" አለችው።

"እሺ" አለና ገብቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ።