ጉንዳን የማይጠጋው ባልዲ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ባለሙያ ቤቴ መጥቶ ነበር። መርዛማ ኬሚካል የተጠራቀመባቸውን ቦታዎች ስለማጽዳት አዲስ መመሪያ እያረቀቁ ነውና፣ "እርስዎ የድሮ ሰው ስለሆኑ አስተያየት ይስጡን" ብሎ ነው። የድሮ ሰው! ይሁን፣ ተቀበልኩ። የብርቱካን ጭማቂ አቀረብኩለትና መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። መሃል ላይ ሳልደርስ አቋረጠኝ።

"አንድ ነገር አልገባኝም። እናንተ ያወጣችሁት መመሪያ የሚጀምረው ከባዶ ዕቃ ነው። መርዙ መጋዘን ሙሉ ተቀምጦ ለምን ከባዶ ባልዲ ጀመራችሁ? እኛ ወደ መጨረሻ ልናወርደው ነው።"

"አታወርዱትም!" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ልጁን ጭማቂው ትን አለው። ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለትና ነገሩን ከመነሻው ነገርኩት።

ያኔ ኬሚስትሪ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱና ቀዳሚዎቹ ግን ለአንበጣና ለተምች ብለው ያስመጡት መድኃኒት በየወረዳው መጋዘን ጊዜው አልፎበት ተከማችቷል። መንግሥት ያ ሁሉ ተሰብስቦ፣ በአዲስ በርሜል ታሽጎ፣ በከፍተኛ እሳት ወደሚቃጠልበት ወደ ባሕር ማዶ እንዲላክ ወሰነ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ምድጃ አልነበረምና። ወልቂጤ ላይ ስብሰባ ተቀመጥን፣ ሥራ ተከፋፈልን፤ ለእኔ የቡታጅራ በኩል ደረሰኝ። እኔ የጎጃም ልጅ፣ ጉራጌ አገርን የማውቀው በክትፎ ቤት ብቻ ነበር።

መጋዘኑ ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ በእንሰት በተከበበ መንደር ዳር ነው። በርበሬ የሚሰጣበት ወቅት ስለነበር ግቢው ሁሉ ቀይ ነው፤ ነፋሱ ሲነሳ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። የመጋዘኑ ሽታ ግን የበርበሬውንም ያሸንፋል። ምላስ ላይ ተቀምጦ በውሃ ተጉመጥምጠውም አይለቅም። እኔና የቀን ሠራተኞቹ ነጭ ቱታ፣ ጭምብልና ቦት ጫማ አድርገን ስንገባ ስንወጣ ያየን የመንደሩ ሰው "ሐኪሞች መጡ" አለ። እኔ "ሐኪሟ" ሆኜ ቀረሁ፤ አንዷማ ጥርሷን ልታሳየኝ አፏን ከፍታ መጣች።

አረፋ ደርሷል። ከመርካቶ ለበዓሉ አገር ቤት የሚገቡ የመንደሩ ልጆች ሚኒባሱን ጣሪያው ድረስ ሞልተውት፣ በጉ ከላይ ታስሮ እየጮኸ በአቧራው ውስጥ ያልፋሉ። ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔን ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል፤ መድኃኒቱ የመጣባቸው ነጫጭ ባልዲዎች የሉም። ዱቄቱ መሬት ላይ ፈሶ ተቆልሏል፣ ባልዲው የለም። ብጠይቅ የድሮው መጋዘን ጠባቂ ሞቷል፣ ሌላው ትከሻውን ይሰብቃል።

በምሳ ሰዓት እማማ ሩቅያ ጠሩን። ቤታቸው ከመጋዘኑ ጎን ነው፤ የመንደሩ ሴቶች የውጆ እናት ናቸው። ውጆ የቅቤ እቁብ ነው፤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ከየላማቸው ቅቤ እያዋጡ በእናቲቱ ቤት ያስቀምጣሉ፣ በዓል ሲደርስ ይከፋፈሉታል። እዚያ አገር አረፋን ያለ ቅቤ ማሰብ አይቻልም። እኔና ሾፌራችን ጋሽ ተካ ታጥበን፣ ልብስ ቀይረን ገባን። ጋሽ ተካ የሶዶ ሰው ነው፣ ቆጮ ካየ ሥራም ትዝ አይለው።

"ቢስሚላሂ በሉ። ቆይ፣ የሐኪሟ ጎመን ደርቋል" አሉ እማማ ሩቅያና ወደ ጓዳ ገብተው ቅቤ አመጡ።

በነጩ ባልዲ።

ክዳኑ ላይ የነበረው የራስ ቅል ምልክት በድንጋይ ተፈግፍጓል፤ ያም ሆኖ ሁለቱ የዓይን ጉድጓዶች ይታያሉ። ጋሽ ተካ ቅቤ ያስነካውን ጉርሻ ወደ አፉ እያስጠጋ ነበር። እጁን በጥፊ መታሁት። ጉርሻው ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

 በሰው ማዕድ ላይ እንዲህ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አልጠፋኝም። እማማ ሩቅያ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ተጠየፍሽን? እሺ ሥጋውን የእስላም ነው በይ፣ እናውቃለን፣ አንቀየምም። ቅቤ ምን ሃይማኖት አለው?"

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ! ባልዲው ነው! ይሄን ባልዲ ከየት አመጡት?"

"ጠባቂው ነዋ የሰጠን፣ አላህ ይዘንለት። እንዲህ ያለ ዕቃ የት ይገኛል? በእንሰት ቅጠል ብንጠቀልለው ጉንዳን፣ በእንስራ ብናኖረው ጉንዳን። ይሄን ግን ጉንዳን አይጠጋውም። አይጥ እንኳ በሩቁ ነው የምትዞረው።" ኩራት ነበረበት አነጋገራቸው። "ያን የሞተ ሰው ፊት ብቻ አልወደድንለትም፣ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል ብለን ፋቅነው።"

 ለምን ጉንዳን እንደማይጠጋው ነገርኳቸው። የመርዙ ዱቄት ከፕላስቲኩ አይለቅም፣ ቅቤ ደግሞ እሱን ሲስብ የሚያክለው የለም። እማማ ሩቅያ ዓይኔን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ዘይነባ!"

ዘይነባ ልጃቸው ናት፤ ከወዲያኛው መንደር ወልዳ ተኝታለች። ጠዋት አንድ ባልዲ ተልኮላታል። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ለሕፃኑ ስም ይወጣል፣ ስሙ ሲጠራ ቅቤ በጣት ምላሱ ላይ ይደረግለታል። ሶላቱ ደግሞ ደርሷል።

ጋሽ ተካ መኪናውን እንዴት እንዳስነሳው አላውቅም። እማማ ሩቅያ መሃላችን ተቀምጠው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ። በዚያን ጊዜ ሞባይል የለ፣ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ኩርባው ላይ ስንደርስ ለአረፋ ገበያ የሚነዳ የበግ መንጋ መንገዱን ዘጋው። ጋሽ ተካ ጡሩምባውን ቢነፋ በጎቹ ጭራሽ መኪናው ሥር ይገባሉ። እማማ ሩቅያ በኔ ላይ ተሻግረው በሩን ከፈቱና ነጠላቸውን እያራገቡ በጎቹን በሁለት በኩል ገፏቸው። ነጋዴው ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

ስንደርስ ጎጆው ሙሉ ሰው ነው። ስም የሚያወጡት አዛውንት ዱዓቸውን እየጨረሱ ነው፣ "አሚን" ይባላል። የዘይነባ ባል እህት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጣቷን ቅቤ ውስጥ ነክራ ዘርግታለች።

"እንዳታስቀምሺው!" እማማ ሩቅያ ከደጅ ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞረ። እየሮጡ ገብተው የሴትዮዋን የእጅ አንጓ ጨምድደው ያዙ፤ እሷም ደንግጣ ሕፃኑን ልትጥለው ነበር።

"አስቀምሳችሁታል? ተናገሩ!"

"ገና ነው። ምነው እማማ፣ ምን ሆኑ?"

ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ቀና ስል ዘይነባን አየኋት። አናቷ ላይ የተደረገላት ቅቤ ቀልጦ በግንባሯ፣ በአንገቷ እየወረደ ነው። ሳሙና አስመጥቼ እኔው በእጄ አጠብኳት፤ ራሷን ለእኔ ሰጥታ ልጇን ታያለች።

ከሰዓት በኋላ የውጆው ሴቶች ሁሉ በእማማ ሩቅያ ግቢ ተሰበሰቡ። ያ ሁሉ ባልዲ ተደርድሯል። የእኛ ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ መርዝ የነካው ሁሉ ታሽጎ ይሄዳል። ግን ማን ይንገራቸው? አንዷ "ብናነጥረውስ?" አለች። እሳት አያወጣውም አልኳት። "ለከብቶቹስ?" አለች ሌላዋ። ወተቱን መልሳችሁ ትጠጡታላችሁ አልኩ። "ልጆቻችን ነገ ሲገቡ ምን ልናበላቸው ነው?" ብላ አንዷ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ሌሎቹ ተከተሏት። ለቀብር እንደሚለቀስ ነው የተለቀሰው።

እማማ ሩቅያ ብቻ አላለቀሱም። ተነሥተው የመጀመሪያውን ባልዲ ራሳቸው ተሸክመው አመጡና በርሜሌ ውስጥ ከተቱት።  ከዚያ ሌሎቹም የየራሳቸውን አነሡ።

የበርሜሉን ክዳን እያጠበቅኩ ሳለ እማማ ሩቅያ አጠገቤ ቆሙ። ቀስ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ይሄን ባልዲ ከያዝን ስንት አረፋ አለፈን። ዘይነባ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሱ ነው የበላችው። የዘንድሮውን አወጣሽልን፣ አላህ ይስጥሽ። የእስከ ዛሬውንስ?"

 ከመጋዘኑ ያነሣነው መርዝ ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ መርከብ ይሳፈራል። እሳቸው የጠየቁኝን ግን በምን ልመዝነው? ክዳኑን ማጥበቄን ቀጠልኩ፤ ከጠበቀ በኋላም ሳጠብቀው ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ መመሪያው ሲጻፍ ባዶ ዕቃ መጀመሪያ ካልገባ አልፈርምም ብዬ ድርቅ አልኩ። አለቃዬ "ምን ሆነሻል?" አለኝ። "እሱንም እንደ አንተ አስቀምጬ ነገርኩት" አልኩት ወጣቱን እንግዳዬን።  ልጁ ረቂቁን ወደ ቦርሳው ሲያስገባ "ሴትዮዋ አሁንም አሉ?" አለኝ።

አሉ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ከብዷል። በየዓመቱ ለአረፋ እደውልላቸዋለሁ። ገና "ዒድ ሙባረክ" ከማለቴ፣ ምን ልጠይቅ እንደምፈራ ስለሚያውቁ፣ እኔን ሳይጠብቁ ይጀምራሉ፤ "ዘይነባ ደህና ናት። ልጁ ደህና ነው። ፋጡማ ደህና ናት። የፋጡማ ልጆች ደህና ናቸው..." እያሉ የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ ይጠሩልኛል። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ የሚዘሉት ስም ይኖር ይሆን እያልኩ እስኪጨርሱ እሰማለሁ።