ቆላ የሚወርደው ሞተር

ያሰሩን ጋራዥ ውስጥ ነበር። ልደታ፣ ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጓሮ፣ የመኪና ማቆሚያ የነበረ ቤት። በሩን ከፍተው ሲገፉኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰው አይደለም፤ ሲሚንቶው ላይ የጠቆረውን የዘይት ነጠብጣብ ነው። ሽታውን አውቀዋለሁ። አባቴ አብነት ሰፈር ጋራዥ ስላለው በዚያ ሽታ ነው ያደግኩት። የያዙኝም ከዚያው ነው፤ ከመሣሪያ ሣጥን ሥር የተከለከለ በራሪ ወረቀት አገኙ። የማን ነው ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። ወረቀቱ የእኔ ነበር።

ዐሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። ከመካከላችን አንዷን ሁሉም «ኢንጂነሯ» ይሏታል። ቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደጨረሰች የተያዘች፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ቀጭን ልጅ ናት። ቁራጭ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ትሸጉጣለች። ስንቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሷ ነው። እሷ ስትናገር ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ አፌን ስከፍት ግን እትዬ የምንላቸው ጠላ ሻጭ፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ምላስሽን ሰብስቢ» ይሉኛል። ምን አድርጋሽ ጠላሻት ብትሉኝ ምንም አላደረገችኝም። ቀናሁባት፣ በቃ።

አንድ ቀን ጠዋት የአብዮት ጥበቃው በሩን ከፈተና «ሞተር የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛም የሚያነብ አለ?» አለ። ሁለታችንም ተነሣን።

ጓሮው ውስጥ የቪላው ባለቤት ትቶት የሄደ የውድድር መኪና ቆሟል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር በአባቴ ጋራዥም አይቼ አላውቅም። አጠገቡ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ተከፍተዋል፤ ሰውየው ከውጭ ያስመጣቸው፣ ግን ሳይገጥማቸው አገር ጥሎ የወጣ ሁለት ሱፐርቻርጀሮች፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሱፐርቻርጀር ቺንጋ በሚባለው ቀበቶ ከሞተሩ ጋር እየዞረ፣ ሞተሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር ያጎርሰዋል። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም ይበዛል፤ ጉልበት ይጨምራል። ጉርሻው ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ፒስተን ይቀልጣል።

መኪናውን የወሰደው ሻምበል ቆሞ ይጠብቀን ነበር።

«አሰብ ድረስ የምመላለሰው በዚህ ነው» አለ። «ከሁለቱ የሚሆነውን እስከ ምሳ ምረጡ። የመረጠ ይፈርማል። ሞተሩ ቢቃጠል አሻጥር ነው።»

በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን።

እሷን የት እንደተማረች ጠየቃት፤ ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አባቴ ጋራዥ» አልኩ።

«እንግዲያው አንቺ ቁልፍ አቀብያት።»

አቀበልኳት። ፀሐዩ ደስ ይል ነበር፤ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም። እሷ ከሣጥኑ የወጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ታነባለች፣ ትለካለች፣ በእርሳሷ የሣጥኑ ክዳን ላይ ትጽፋለች። እጇ ግሪስ ነክቷል። ያ ግሪስ የእኔ እጅ ላይ መሆን ነበረበት።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ሞተሩ እዚህ ሩብ ጉልበቱን ያጣል። ትንሹ ያጣውን ቢመልስለት ነው። ትልቁ ግን መልሶለት ይተርፈዋል።»

ክዳኑን አየሁት። ሒሳቡ ልክ ነበር። ለአዲስ አበባ ልክ ነበር።

አባቴ የመጣለትን መኪና ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ሾፌሩን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «በየት በኩል ነው የምትሠራው?» ደጋ ላይ የተስተካከለ ሞተር አዋሽን ሲያልፍ ጠባዩን ይለውጣል። ቆላ አየሩ ወፍራም ነው። ሻምበሉ አሰብ ሲል እኔ ያንን ሰማሁ። እሷ የሰማችው የቦታ ስም ብቻ ነው።

መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ጨርቅ አንሥቼ ቁልፎቹን መጥረግ ጀመርኩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ኢንጂነሯ ስትሳሳት ማየት ፈለግኩ። ስትሞት ማየት አልፈለግኩም። የዚያን ቀን ሁለቱ አንድ ነገር ነበሩ፤ እሱን ላለማሰብ የተጠረገውን ቁልፍ ደግሜ ጠረግኩ።

ሻምበሉ ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

«ትልቁ» አለችው።

ወረቀቱን የመኪናው ፓራፋንጎ ላይ ዘርግቶ «ትልቁ» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን ሰጣት። ጎንበስ ብላ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች።

«አሰብ ሲደርስ ይቀልጣል» አልኩ።

እጇ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለ ሻምበሉ።

«ትልቁ ልክ የሚሆነው ለዚህ ለስሱ አየር ነው ጓድ ሻምበል። ቆላ ሲወርዱ ከመጠን በላይ ያጎርሰዋል። ሙቀቱም አለ። ፒስተኑ አይችለውም። ለእርስዎ መንገድ ትንሹ ነው።»

ወደ እሷ ዞረ። «እውነቷን ነው?»

ክዳኑ ላይ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያም፣ ጠዋት መመሪያውን ስታነብ በነበረው በዚያው ድምፅ፣ «እውነቷን ነው» አለች። «እኔ ያሰላሁት ለአዲስ አበባ ብቻ ነው። ተሳስቻለሁ።»

ሻምበሉ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ስታሰላ አጠገቧ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?»

አሁን ነው የታየኝ ማለት እችል ነበር። ፊቱን ሳየው ግን የሚያምነኝ አልመሰለኝም።

«ቀንቼባት ነው» አልኩ።

ጥበቃው ሳቀ። ሻምበሉም ከንፈሩን ወደ ጎን ሳብ አደረገ። «የሴት ነገር» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ፊቴ ነደደ። ትልቁ የሚለውን ሰርዤ ትንሹ ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩት። ልመልስለት ስል እሷ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። «እኔም አይቼዋለሁ» ብላ ከሥሬ ፈረመች። ማንም አላዘዛትም። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ያንንም ተካፈለችኝ ብዬ።

ስንመለስ እትዬ፣ «ምን አስደረጓችሁ?» አሉ።

«ይቺ ልጅ አተረፈችኝ» አለቻቸው።

«ዝም ልላት ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። አጠገቤ ተቀመጠችና እርሳሷን ከጸጉሯ አወጣች። «አባትሽ ይሄን የቆላውን ነገር ከየት አወቁት?»

«ከተቃጠለ ሞተር።»

ሳቀች። ከዚያ እየጠየቀችኝ ያልኳትን ሁሉ ግድግዳው ላይ በደቃቅ ፊደል ጻፈችው።

በሁለተኛው ሳምንት «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ከተፈታሁ በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። ስለ ሻምበሉ መኪናም የሰማሁት የለም። በዚያ ፊርማ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ ደርሶ የተመለሰ ይመስለኛል።

አሁን አባቴ ጋራዥ እሠራለሁ። አብነት ውስጥ ሞተር ሲያስቸግር ልጅቷን ጥሯት ይላሉ፤ ደስ ይለኛል። በእሷ ግን ዛሬም እቀናለሁ። በሒሳቧ አይደለም፤ ሒሳብ ይለመዳል። «ተሳስቻለሁ» ስትል ድምፅዋ ዝቅም ከፍም አላለም፤ ያ ነው። እኔ አልተካንኩበትም። ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ ብሎን ከልክ በላይ አጥብቄ በጠስኩበትና፣ «ምን ላድርግ፣ አሮጌ ብሎን ነው» አልኩት። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። ብሎኑ አዲስ ነበር።