እትዬ ቅርጫ የገቡ ዕለት

የባሌ ታላቅ እህት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ አሰብ ላይ ስማቸው የተጠራ ነጋዴ ነበሩ። ኤርትራ ለብቻዋ አገር ስትሆንም ቤታቸውንና መጋዘናቸውን ይዘው እዚያው ቀሩ። እኛ በፍኖተ ሰላም በኩል፣ ቡሬ አጠገብ ገጠር ሆነን በሩቁ እንኮራባቸው ነበር።

ከጦርነቱ በፊት አንድ ፋሲካ መጥተው ያውቃሉ። መኪናቸው ወንዙን አልሻገር ቢል ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አሻገሯቸው። አንሶላቸውንና የሚጠጡትን ውሃ ሳይቀር ይዘው ነበር የመጡት። ባሌ ከቅርጫ ድርሻችን ሽንጡን መርጦ አቀረበላቸው። አብራቸው የመጣችው ሠራተኛ ግን በሩ ጥግ ቆማ ትጠብቃለች። እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኋት።

«እኔ ሳልነሳ እሷ ትቀመጣለች?» አሉ እትዬ።

«በቤቴ የቆመ ሰው እያየሁ አልበላም፣ እትዬ። ለአንቱም አይወርድልዎትም» አልኋቸው።

ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ባሌ አኮረፈኝ፤ እኔም አኮረፍሁት።

ጦርነቱ ሲነሳ እትዬ የጠላት አገር ሰው ተባሉ። ንብረታቸው ተወሰደ፤ እሳቸውም ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር በታጠረ ሰፈር ታሰሩ። ወሬያቸው ጠፍቶ ተዝካራቸውን ልናወጣ ስንመካከር፣ ከቡሬ መናኸሪያ «ተለቅቄ መጥቻለሁ» ብለው ሰው ላኩብን። ሮጠን ደረስን። በጣም ከስተዋል፤ በእጃቸው ያለው አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ብቻ ነው። ሳቃቸው ግን ከድሮው ሰፍቷል።

«አንቺ ነገረኛ፣ አለሽልኝ?» ብለው አቀፉኝ።

ማታ ገበታ ሲቀርብ ሁሉም ሰው ቀርቦ እንጀራ እስኪይዝ ድረስ አልቆርስም አሉ። እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ነገሩን ያወጉን ያን ጊዜ ነው።

«ለታሰርንበት አዳራሽ ሴቶች ሁሉ አንድ በርሜል ምስር ይመጣል። በጭልፋው ሲናጩ ከረሙና እኔን አካፋይ አደረጉኝ። ‹እሷ ወፍራም ናት፣ ቶሎ አይርባትም› ብለው!»

ባሌ በሳቅ ትን አለው።

«ሕጉ፣ አካፋይ መጨረሻ ይወስዳል ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ጭልፋ ይዤ አላውቅም። ሳላማስል ከላይ ከላይ ቀዳሁላቸው። ለእነሱ ውሃው፣ ለእኔ ምስሩ ደረሰ። ሊበሉኝ ነበር! በማግሥቱ ከሥር እያማሰልሁ መቅዳት ተማርሁ።»

ፋሲካ እየቀረበ ሄደ። መንደርተኛው «ለእሜቴ» እያለ በየቀኑ አንድ ነገር ያመጣል። እትዬ ይህን አልወደዱትም። ፍኖተ ሰላም ያለው የእህታቸው ልጅም እሱ ቤት እንዲኖሩ ይወተውታቸዋል።

«ሁሉም ይሰጠኛል፤ ስጪን ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ጥጥ ፈትዬ ድርሻዬን እከፍላለሁ፤ ቅርጫ አስገቡኝ። ካላስገባችሁኝ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል» አሉኝ።

እኔ ደግሞ እንዲሄዱብኝ አልፈልግም፤ ከእሳቸው ጋር መሳቅ ለምጃለሁ። ቅርጫውን ወደሚመሩት አዛውንት ሄድሁ።

«ምን ቸገራቸው? ከየመደባችን ሥጋ ቆንጠር እያደረግን እንሰጣቸዋለን» አሉኝ።

«ቁንጣሪውን ለድመትዎ ያድርጉት፣ አባ። የሰው ወጉ ድርሻ ነው።»

እያጉረመረሙ ተስማሙ።

የፋሲካ ዕለት በሬው ታርዶ ሥጋው በየቅጠሉ ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተደለደለ። በእኛ ወግ እያንዳንዱ ሰው ጠጠር ወይም ስንጥር ምልክት ይሰጣል፤ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። አንድ መደብ ግን ፈንጠር ብሎ ተቀምጧል፤ ሽንጥ ተቆልሎበታል።

«ይህ የእሜቴ ነው፤ ዕጣ አይነካውም» አሉ አዛውንቱ በኩራት። ማክበራቸው ነው እኮ።

 ባሌ ሽንጡን ያያል፤ እኔ እትዬን አያለሁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ቁጢጥ አሉ። ሽንጡን እያነሱ በየመደቡ ጨመሩ። «እዚህ አጥንት በዝቷል» ይላሉ፤ ከወዲያ ጉበት አንስተው ወደዚህ ያመጣሉ።

«ሴት ቅርጫ ስትደለድል አይተን አናውቅም!» አለ አንድ ጎረቤት።

«አሁን አየህ፤ ዓይንህ ጠፋ?» አልሁት።

የራሳቸው መደብ ከሌላው ሲስተካከል ቅጠሉን ጎትተው ከሰልፉ ቀላቀሉት። ከመሬት አንድ ስንጥር አንስተው ለዕጣ ጣዩ ሰጡ።

ምንም ቢደለደል አንዱ መደብ አጥንት ሳይበዛበት አይቀርም። ያ ለእትዬ ወጣ። ለእኔ የሰባው ደረሰኝ።

«አንቺ ፍርድ ወዳድ፣ በይ ለውጪኝ!» አሉ።

ባሌ በክርኑ ጎሸመኝ፤ «ለውጪያቸው እንጂ!»

«ዕጣ ነው!» አልሁ።

«ዕጣ ነው!» አለ ሰዉ ሁሉ፣ አዛውንቱም ጭምር። እትዬ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ የእህታቸው ልጅ ከፍኖተ ሰላም ሊወስዳቸው መጣ። እትዬ ቅልጥም ይዘው ነበር።

«የት ልሂድ? ለመስቀል ሌላ በሬ ይገዛል። እኔ ከሌለሁ እነዚህ ሰዎች ያዳላሉ» አሉት። ከዚያ አንድ አጥንት መርጠው ሰጡት፤ «አሁን ቁጭ በልና ጋጥ።»