ለፍሪጁ የተያዘው ቦታ

በግቢያችን በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ዝናብ ነበር። መንገዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ ግን ቦንጋ ዝናብ የማይጠፋበት ከተማ ስለሆነ ያ ጥቂት እርምጃ እናቴን ብዙ አድክሟታል። የድስቱን ክዳን በፎጣ ሸፍና፣ ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ጭቃው ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች እየመረጠች ትመጣለች። እንግዳ ያለ ቀን እኔ ጃንጥላ ይዤ ከጎኗ እሄዳለሁ። ጃንጥላው ለምግቡ እንጂ ለእሷ አልነበረም።

ስለዚህ እናቴ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ወጥ ቤት ፈለገች። ፍላጎቷን ግን እንደ ጥያቄ አላቀረበችውም። ደካ አካባቢ ካለው የወላጆቿ መሬት የሚደርሳትን የቡና ድርሻ ወንድሟ በየዓመቱ ሲያመጣላት፣ እንደ ድሮው ልብስ መግዛቱን ትታ ማስቀመጥ ጀመረች። አባቴ ምን ልታደርግበት እንደሆነ ሲጠይቃት «ዝናቡን ከግቢ ላስወጣበት ነው» አለችው።

አባቴ በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የበጀት ባለሙያ ነው። የቢሮውን ቋንቋ ቢሮ ትቶት አይመጣም። ደብተር ሲገዛልን «መደበኛ በጀት» ይለዋል፤ ጫማ ከሆነ «ካፒታል» ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ አዲስ ነገር የጠየቀ ልጅ «በጀት ተዘግቷል፣ ሐምሌ ላይ አመልክት» ተብሎ ይመለሳል። እናቴ የዝናቡን ነገር ስትነግረው ግን አልቀለደም። ብሯን ምንም እንደማይነካና ከደመወዙ የቻለውን እንደሚጨምር ነገራት።

የኪችን ካቢኔቱን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ለስልጠና ሐዋሳ ሄዶ አንድ የድሮ ባልደረባው ቤት ምሳ ተጋብዞ ነበር። ሲመለስ በስልጠናው ወረቀት ጀርባ ላይ የዚያን ቤት ወጥ ቤት ሥሎ አመጣ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተያያዘ ካቢኔት፣ ከላይ ሣጥኖች፣ ከታች ሣጥኖች፣ መካከል ላይ የዕቃ ማጠቢያ። ጥግ ላይ አንድ ረጅም ክፍት ቦታ አለ፤ ውስጡ «ፍሪጅ» ተብሎ ተጽፎበታል። እኛ ፍሪጅ አልነበረንም።

እናቴ ሥዕሉን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ያምራል» አለች። «ሴትየዋ የት ተቀምጣ ነው ሽንኩርት የምትልጠው?»

«ቆማ ነዋ።»

«ቆማ?» ሥዕሉን መለሰችለት። «እንግዲያው የእኔ በርጩማም እዚህ ላይ ይሣል።»

አባቴ እስክሪብቶውን አውጥቶ በርጩማ ሣለ።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የእጅ ጽሑፌ ንጹሕ ስለነበረ አባቴ የበጀቱን ወረቀት እንዳዘጋጅ ሾመኝ፤ «የቤቱ ፕላን ኦፊሰር» እያለም ይጠራኝ ጀመር። ሹመቱ በጣም ስላስደሰተኝ መስመሮቹን ሁሉ በማስመሪያ አሰመርኩ። ርእሱን በቀይ ጻፍኩ። ቁጥር በተሰረዘ ቁጥር ገጹን እንደ አዲስ ስለምገለብጠው ደብተሬ በፍጥነት አለቀ።

አናጢው የመጣው ወደ ገበያ ከሚያወርደው መንገድ ዳር ካለ እንጨት ቤት ነበር። ለካ፣ እንደገና ለካ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ከዚያም ዋጋውን ነገረን። አባቴ «ይሄ እንጨቱንም ጨምሮ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእራት በኋላ ሥራችን መቀነስ ሆነ። እናቴ መጀመሪያ የመስተዋት በሮቹን ተወች። ቀጥሎ የላይኛዎቹን ሣጥኖች ተወች፤ እጇ የማይደርስበት ቦታ ምን እንደሚያደርግላት እንደማታውቅ ተናገረች። ሴራሚኩ ውኃ በሚነካው ቦታ ብቻ እንዲሆንና ሌላው በሲሚንቶ እንዲለሰን የወሰነችውም እሷ ናት። አንድ ነገር በተወች ቁጥር ቅር ያላት አትመስልም ነበር፤ እንዲያውም ገበያ ወርዳ የቲማቲም ዋጋ ያስቀነሰች ያህል ደስ ይላታል። አባቴ ደግሞ ሁሉን ለመተው ዝግጁ ሆኖ አንዱን ብቻ አልለቅም አለ።

«ፍሪጅ ሳይኖር የፍሪጅ ቦታ ምን ያደርጋል?» አለችው እናቴ።

«ዛሬ ቦታ ካልተያዘለት ነገ አይገኝም። ቢሮም እንደዚሁ ነው። ብር ያልተገኘለት ሥራም ቢሆን መስመር ይያዝለታል።»

እኔም «ፍሪጅ፦ ቦታ የተያዘለት» ብዬ ጻፍኩና በብሩ ዓምድ ሰረዝ አደረግሁ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሒሳቡ አልሞላም። በመጨረሻ መፍትሔውን ያገኘው አባቴ ነው። አሮጌው ወጥ ቤት ይፈርሳል፤ ቆርቆሮውና ደህና ደህናው እንጨት ለአዲሱ ክፍል ጣሪያ ይውላል። ደምሬ አየሁት፤ ልክ መጣ። አባቴ ወረቀቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ጸድቋል አለ። እናቴ ግን ቀና ብላ «የእድሩ ዕቃስ?» አለች።

የሰፈራችን የሴቶች እድር ዕቃ ያዥ እናቴ ናት። የአሮጌው ወጥ ቤት ጨለማው ግማሽ የእድሩ ነበር። ልጅ ሊቀመጥባቸው የሚችሉ ትልልቅ ድስቶች፣ የተደራረቡ ሰሃኖች፣ ጆጎች፣ ክንዴን የሚያህሉ ጭልፋዎች እዚያ ይቀመጣሉ። የፍስኩ ድስት ቂጡ ላይ ቀይ ቀለም አለው፤ የጾሙ ሰማያዊ። ለቅሶ ሲኖር፣ ሠርግ ሲኖር፣ ልጅ ሲጠመቅ ሰው መጥቶ ይወስዳል። ወስዶ ብቻ የሚሄድ ግን የለም። ይቀመጣል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደወለደች፣ ከማን ጋር ማን እንደተኳረፈ ይወራል፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በካፊኖኖ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትም ወደ ጸሎት ቤት የሚሄዱትም ከዚያው ድስት ስለሚበሉ እናቴ የማታውቀው ቤት በሰፈሩ አልነበረም።

አባቴ ይህ ቀላል ነገር መሰለው። ብዙ ዓመት ይዛዋለች፣ አሁን ተራው የሌላ ሰው ነው አለ። እናቴም ወዲያው እሺ አለች። የላይኛዎቹን ሣጥኖች ስትተው እንኳ ምክንያቷን ተናግራ ነበር፤ ይህን ግን እንደ ቀልድ ተወችው። ቀልድ እንዳልሆነባት እኔ ልብ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለድስቶቹ የሚሆን ትንሽ ዳስ ከጓሮ በኩል እናቁም ብዬ አዲስ ወረቀት ሠርቼ ለአባቴ አሳየሁት። በደንብ አነበበው፤ ድምሩንም አረመልኝ። ከዚያ የእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ የእድሩ ካፒታል በጀት እንጂ የእኛ አይደለም ብሎ በትሕትና መለሰልኝ። በቁጥሩ በኩል ትክክል ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም ማስደሰት ፈልጌ ነበር።

ለእናቴ ይህን ስነግራት አሮጌው ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋዎቹን እየቆጠረች ነበር።

«ተይው» አለችኝ። ቆጥራ ጨረሰችና ትልቁን ድስት በመዳፏ ነካ አደረገችው። «ከደካ ተድሬ ስመጣ በዚህ ሰፈር አንድ ሰው አላውቅም ነበር። አባትሽ ጠዋት ቢሮ ይገባል፣ እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ። ከሰው ጋር ያስተዋወቀኝ ይሄ ድስት ነው።»

የእድሩ ሰብሳቢ ሦስት ቤት አልፎ ያሉ አዛውንት ጎረቤታችን ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። እናቴ ነገሩን ልትነግራቸው ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ እናትሽን? ካቢኔ ስትሆን ድሃ ድስቶች ሸተቷት» አሉኝ። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ዕቃውን እንዲቀበሉ ከጠየቋቸው ሴቶች የአንዷ ጣሪያ ያፈሳል፣ የሌላዋ ባል በሩን ቆልፎ ይሄዳል፣ ሦስተኛዋ ወደ ቢታ ገነት ልትዛወር ነው። ስለዚህ የእድሩ ስብሰባ ዕቃ ያዥ እስኪመርጥ ድረስ ዕቃው በእትዬ በረንዳ ላይ ፕላስቲክ ለብሶ ይቆይ ተባለ።

አሮጌው ወጥ ቤት ፈረሰ፤ አዲሱ ተሠራ። አናጢው ከዋንዛ የሠራቸው የታችኛዎቹ ሣጥኖች ማር የሚመስል ቀለም አወጡ። ከቧንቧው ውኃ ሲወርድ እናቴ እጇን ሥር አድርጋ ቆየች። ወጥ በትሪ ይዛ ሳሎን የገባች ቀን ፎጣውን ከልምድ የተነሳ ክዳኑ ላይ አድርጋው ነበርና ሁላችንም ሳቅንባት። ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን መመስከር እችላለሁ። በርጩማዋም በሥዕሉ ላይ በተሣለበት ቦታ ተቀመጠ። የግቢያችን በር ግን ጸጥ አለ። ድስት የሚፈልግ ሰው አሁን የሚያንኳኳው እትዬ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ የሣጥኖቹን በሮች እየከፈተች ስትዘጋ እሰማለሁ፤ በመካከሉ የሰው ድምፅ ከመንገድ ሲመጣ ትቆምና ታዳምጣለች። ሰዎቹ ሲያልፉ መዝጋቷን ትቀጥላለች።

ከዚያ የእትዬ ታላቅ ወንድም አረፉ። ድንኳኑ በእሳቸው ደጅ ተተከለ። በረንዳቸው በለቀስተኛ ስለተሞላ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ሲሠራበት ሰነበተ። ድንኳኑ የተነሣ ዕለት ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ሴቶቹ የታጠቡትን ድስቶች ተሸክመው ወጡና እግራቸው እንደለመደው ቀጥታ ወደ እኛ ግቢ መጡ። አሮጌው ወጥ ቤት ወደነበረበት ሲዞሩ የቆሙት ባዶ ጭቃ ፊት ነው።

እናቴ ከኋላ በር ብቅ አለችና «ግቡ፣ ግቡ፣ በዝናብ አትቁሙ» አለች።

ገቡ። አዲሱ ወለል በአንድ ጊዜ ጭቃ ሆነ። እትዬ ከኋላ ጥቁር ነጠላቸውን እያራገፉ መጡና ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አዩ። ትልቁ ድስት በየትኛውም በር እንደማይገባ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ከዚያ ጥጉን አዩት።

«ይሄ ባዶ ቦታ የማን ነው?»

አባቴ ሐዘንተኛ መጣ ብሎ ከሳሎን ተነሥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። «የፍሪጅ ነው፣ እትዬ» አላቸው።

«ፍሪጁ የታለ?»

«ወደፊት ይመጣል። ቦታ ተይዞለት ነው።»

«መልካም» አሉ እትዬ። «እስኪመጣ ድስቱ ቦታውን ይጠብቅለት። ፍሪጅ ከመንገድ ደክሞት ሲገባ ሌላ ሰው ይዞበት እንዳያገኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ትልቁን ድስት አስገቡት፤ ሁለተኛውን በላዩ፣ ሦስተኛውን በላዩ። ከሐዋሳ ተሥሎ የመጣው ቦታ ለእነሱ የተለካ ይመስል ነበር። ጭልፋዎቹ በጎን ቆሙ፤ ሰሃኖቹ ከላይ ሆኑ። አባቴ እየተመለከተ ቆየና «ጊዜያዊ ነው» አለ። ሴቶቹ ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ አሉ፤ እናቴ በርጩማዋን ለእትዬ ሰጥታ ራሷ ቆማ አወራች። ሲሄዱ ወለሉን ከመወልወሏ በፊት ድስቶቹን አውጥታ በፎጣ አደረቀቻቸው፤ መልሳም ደረደረቻቸው።

በወሩ መጨረሻ ከእድር ስብሰባ ስትመለስ አባቴ ዕቃውን ማን እንደወሰደው ጠየቃት።

«አልተነሣም» አለችው።

«አጀንዳ አልተያዘለትም ነበር?»

«አጀንዳ በዝቶ ነበር።»

አባቴ ወደ እኔ አየ። እኔም የበጀቱን ወረቀት ለማስተካከል ልነሣ ስል በእጁ ተቀመጪ አለኝ።

ዘንድሮ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ የደረጃ እድገት አገኘ፤ ፍሪጁንም ገዛ። ከጅማ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው ለእረፍት ቤት በነበርኩበት ሰሞን ነው። እናቴ ከማለዳ ጀምሮ ድስቶቹን አውጥታ ከኋላ በኩል ባለው በረንዳ ላይ ደርድራ ነበር። ማንም አላዘዛትም። ቦታውን ጠርጋ፣ ፍሪጁ እንዳይቧጨር ጨርቅ አንጥፋ፣ እጇን አጣምራ ጠበቀች። የት እንደምትወስዳቸው ብጠይቃት ገና እንዳልወሰነች ነገረችኝ።

ሁለት ተሸካሚዎች ፍሪጁን ይዘው በሳሎኑ በር ገቡ። አባቴ ከፊት ከፊታቸው እየሄደ መንገድ ያሳያል። የበረንዳው መስኮት ጋ ሲደርስ ቆመ። ድስቶቹን አየ፤ ትልቁን፣ ቀይ ምልክት ያለበትን። ተሸካሚዎቹ «ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አሉት፤ ከብዷቸው ነበር።

«እዚሁ ሳሎን ይቁም» አለ አባቴ።

እናቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና «ቦታውን ጠርጌ እኮ ነው» አለች።

«ወጥ ቤት ማን ያየዋል? ይሄን ያህል ብር አውጥቼ እንግዳ ካላየው ምን ይጠቅመኛል?» ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ «ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ቀስ ብላችሁ» አላቸው።

እናቴ ወደ በረንዳው ወጣች። እኔም ወጣሁና ትልቁን ድስት በአንድ ጆሮው ያዝኩላት፤ ተሸክመን ወደ ቦታው መለስነው።

አሁን ቲማቲም ወይም ቅቤ ስትፈልግ ከወጥ ቤት ሳሎን ድረስ ትመጣለች። እንግዳ ካለ የፍሪጁን በር ይዛ ቆማ ታወራለች። አባቴ ብርዱ እየወጣ ነው ይላታል። አንዳንድ ቀን ወሬው ጣፍጦ ወጡ ሲያር የሚሸተው ሳሎን ድረስ ነው።