ከሽያጩ መስኮት ሥር

ዮሳቤጥ ካርቱም ተወልዳ ያደገች የስደተኛ ልጅ ናት። አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ለአሠሪዋ ለግሩም የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ዝምተኛ ናት፤ ቂሟ ግን ዝም አይልም።

ጃፋር የሚባል፣ እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር ያለ ፋርማሲ ባለቤት፣ ሻጮቹ በሥራ ሰዓት ፊልም እየከፈቱ ስላስቸገሩት፣ የሽያጩ መስኮት ስክሪኑ ላይ ምንጊዜም ከሁሉም በላይ እንዲሆን አዝዞ ነበር። ዮሳቤጥም እንዳለው አደረገች። መድኃኒቱ ለታማሚው የማይስማማ ሲሆን ብቅ የሚለው ቀይ ማስጠንቀቂያ ግን ከሥር ተቀብሮ እንዳይቀር፣ «ባለቤትህ የሽያጩ መስኮት ነው፤ እላዩ ተቀመጥ» የምትል አንዲት የትእዛዝ መስመር ጨመረችለት። ሥራው ሲያልቅ ግሩም ከፕሮግራሙ ላይ ስሟን ፍቆ የራሱን ጻፈበት።

«ስም ምን ይሠራልሻል ዮሲዬ? አንቺ እንደሆንሽ ሰው ፊት አትናገሪም!» አላት እየሳቀ።

እሷም ያቺን መስመር አጠፋቻት። ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያው ከኋላ ይወጣል፤ «እሺ» እስኪባል ድረስ ደግሞ ፕሮግራሙ ሌላ ነገር አይቀበልም። ግሩም በሰው ፊት በደረቀ ስክሪን ላይ ማውዙን ሲያንቀጫቅጭ በሐሳቧ እያየች የርክክቡን ቀን ጠበቀች።

ቀኑ ደርሶ ፋርማሲው ገቡ። «ረዳቴ ናት፤ ገመድ ትይዝልኛለች» አለው ግሩም ለጃፋር።

ረሺዳ የምትባል፣ እዚያው ሰፈር ቪላ ውስጥ የምትሠራ፣ የጤና መዝገቧ እዚያው ያለ የፋርማሲው ደንበኛ፣ ለጉሮሮዋ የታዘዘላትን ልትገዛ ገባች። ግሩም ስሟንና መድኃኒቱን አስገባ። ስክሪኑ ድርቅ አለ።

«ያ ኡስታዝ፣ ጌታው፣ ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ ፎቶ?» አለ ጃፋር። ሻጮቹ ተንከተከቱ። የግሩም አንገት በላብ ራሰ፤ ዮሳቤጥ ገመዱን እንደያዘች ያን ላብ በዓይኗ ጠጣችው።

አንድ ነገር ግን ዘንግታ ነበር። ካርቱም ውስጥ ማሽን ቆመ ብሎ ሥራ የሚያቆም የለም።

«ኻላስ! በቃ፣ መብራት ሲጠፋ እንደምናደርገው በእጅ እንሽጥላት» አለ ጃፋር፤ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ለረሺዳ ሰጣት።

ዮሳቤጥ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባት ያህል ደነገጠች። ስክሪኑ የደረቀው ማስጠንቀቂያው ከኋላ ስለወጣ ነው። ገመዱን ጥላ ተወረወረችና መድኃኒቱን ከረሺዳ እጅ ነጠቀች።

«ውይ! ምን ነካሽ አንቺ?»

«በሞቴ፣ እንዳትውጪው!»

ግሩምን በክርኗ ገፍታ፣ ከፕሮግራሙ ውጭ በሚሠራ የቁልፍ ትእዛዝ የሽያጩን መስኮት ወደ ኋላ ጣለችው። ቀዩ ወጣ፤ ረሺዳ አለርጂ ስላለባት ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት ይላል። ጃፋር የመድኃኒቱን ካርቶን አገላብጦ አነበበ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማሻአላህ! እንዴት አወቀች?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለ ግሩም ፈጠን ብሎ።

ዝም ብትል ሥራዋ አይነካም ነበር። «ኡስታዝ ጃፋር፣ ፕሮግራሙን የሠራሁትም ማስጠንቀቂያውን የደበቅኩትም እኔ ነኝ» አለች፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እሱ አንዱንም አይችልም።»

ጃፋር ሁለቱንም አባረራቸው።

«አብደሻል? የሁለታችንንም እንጀራ እኮ ነው የቆረጥሽው!» ብሎ ጮኸባት ግሩም በር ላይ።

«የእኔንማ ስትበላው ኖረህ የለ?» አለችውና ሪክሻ አስቆመች።

እስከ ቤቷ ድረስ ረሺዳን እያሰበች ያቺን ያጠፋቻትን መስመር በሐሳቧ ደጋግማ ጻፈች። ለግሩም ግን አንዲት ፊደል እንኳን አልጻፈችም።