«ጠባብ ነሽ» ያለች አዋላጅ

«ቀስ በል አንተ መንገድ፣ እግሬ እስኪደርስብህ፣
ገና ብዙ አለና . . .»

እዚህ ላይ ሁሌም ይጠፋባታል። ቀሪውን በዜማ ብቻ እያንጎራጎረች እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ያዋለደች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ፈጥኖ ደራሽ» ይሏታል፤ ምጥ እሷ እጅ ከገባ ውሎ አያድርም ነበርና። ድሮ ይህን ስም ስትሰማ ደረቷ ይነፋ ነበር።

በዚያ ዘመን የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ሁሉ መውለጃዋ በመቀስ ይቀደድ ነበር። «ራሱ ከሚተረተር በወግ ይቀደድ» ተብለው ነው የተማሩት። ሴቲቱን ማን ይጠይቃታል? ማደንዘዣ ሲኖር ይወጋል፣ ሲጠፋ ጥርስ ይነከሳል። ኋላ ሌላ ሥልጠና መጣና «ሳያስፈልግ አትቁረጡ፣ ታገሡ» ተባለ። እሷም መቀሱን ወደ ትሪው ጥግ ገፋችው፤ የተማርኩትን ሠራሁ፣ ምን አጠፋሁ ብላ ልቧን ዘጋች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናትና ልጅ መጡ። ልጂቱ የመጀመሪያዋ ነው። ምጡ መለስ ሲልላት፣ አልጋው ላይ እንደተኛች፣ «በኦፕራሲዮን አውጡልኝ» አለች።

«ምን ሆነሽ? ልቡ እንደ ሰዓት ነው የሚመታው። አንቺም ደህና እየሄድሽ ነው» አለቻት አዋላጇ፣ የሕፃኑን ልብ አዳምጣ ሆዷን እየዳሰሰች።

እናትየው ጣልቃ ገባች። «አይ ሲስተር፣ እርስዎ አያውቁም። እኛ ዘራችን ጠባብ ነው። እሷን ስወልድ እዚሁ ሆስፒታል ቀደዱኝ። ያዋለደችኝ ሴትዮ ‹ጠባብ ነሽ፣ ሁለተኛ ብትሞክሪው ትሞቻለሽ› አለችኝ። ይኸው በአንድ ልጅ ቀረሁ።»

የአዋላጇ እጅ የልጂቱ ሆድ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷን ማስኩ ሸፈነላት እንጂ ደሟ ሁሉ ጉንጯ ላይ ወጥቶ ነበር።

ከስንት ሺህ ሴት መሃል ይቺን አልረሳቻትም። «ለምን ቀደድሽኝ?» ብላ የጠየቀቻት እሷ ብቻ ነበረች። ያን ቀን የሠራተኞች ሰርቪስ በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋ ነበር። ግማሽ ሰዓት ብትታገሣት ሕፃኗ በራሷ ጊዜ ትወጣ ነበር። ፈጥኖ ደራሽ ግን መቀሱን አነሳች። ስትጠየቅም፣ ሴቲቱን ዝም ለማሰኘት፣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። ከዚያ ሮጣ ተሳፈረች፤ መስኮት አጠገብም ቦታ አገኘች።

ጥያቄዋን የሰማው ሐኪም የፈቃድ ወረቀት ይዞ ገባ። «በኦፕራሲዮን ካልሆነ ካለች ምን ይደረግ፣ ትፈርም።»

ኦፕራሲዮን በቦታው ሲሆን ነፍስ ነው፤ ስንቷን አዋላጇ ራሷ አልጋዋን እየገፋች ወደዚያ ክፍል አድርሳለች። የዚች ሆድ ግን በአንድ ውሸት ሊከፈት ነው። ልጂቱ እስክሪብቶውን ተቀበለች። አዋላጇ ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ጡረታዋም ሰባት ወር ነው የቀረው።

«ቆይ» አለች፤ ማስኩንም ወደ አገጯ አወረደች። «እኔ ነኝ።»

«ምኑ?» አለች እናትየው።

«ያዋለድኩሽ። ጠባብ አልነበርሽም። ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነበር።»

እናትየው አፍጥጣ አየቻት። «አንቺ ነሽ?» «እርስዎ» ማለቱ ቀረ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባሌን አልጋ ጠርዝ ላይ ያስተኛሁት ለሰርቪስ ነው?»

ትሪውን ስታዘጋጅ የነበረች አንዲት ወጣት አዋላጅ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«ይቺ ልጅ ‹ወንድም አምጪልኝ› እያለች ስታለቅስ ምን እላት እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አታውቂማ! በምን ታውቂ!»

«ይቅር በይኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አነሰባትና ዋጠችው። ወደ ልጂቱ ዞረች። «አንቺ የፈለግሽውን ምረጪ የኔ ልጅ። ግን በእኔ አፍ አትቀደጅ።»

ልጂቱ የመጣባትን ምጥ በጥርሷ ይዛ አሳለፈች። ከዚያ ወረቀቱን ሳትፈርም ለሐኪሙ መለሰችና ወጣቷን ጠቆመች። «እሷ ታዋልደኝ። ሴትዮዋ ግን እዚህ ትቁም። ይቺም ከቸኮለች ታስቁማት።»

ፈጥኖ ደራሽ አራት ሰዓት ሙሉ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወጣቷ አንዴ እጇን ወደ መቀሱ ስትልክ፣ «ልቡን ስሚ» አለቻት። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ጠብቂ።»

ሕፃኑ ቀስ ብሎ፣ አናቱን አስቀድሞ እንደሚሰግድ ሰው ወጣ። መቀስ አልነካቸውም፤ ከእትብቱ በቀር።

እናትየው የልጅ ልጇን ታቅፋ አጠገቧ ስትደርስ ቆም አለች። «ይቅር አላልኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«አላልኩሽም እኮ ነው የምልሽ!» እንባዋ ሕፃኑ መጠቅለያ ላይ ጠብ አለ።

ወጣቷ አዋላጇን ደግፋ ወደ ሠራተኞች ክፍል ወሰደቻት። «ሲስተር፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አሁን እርስዎንም እኔ ላዋልድ?»

እንዲህ ባለ ቀን ሆዷ መጮኹ ራሱ አሳፈራት። እንደ ተቀጣ ልጅ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተቀመጠች። የምሳ ዕቃዋን ክዳን አነሳች፤ ዳቦና የቀዘቀዘ እንቁላል ነው። ቆርሳ ጎረሰች፤ ርቧት ነበር።